ጭስ ያጣ ሣር ቤት

ከቡታጅራ በባጃጅ ወጥቶ ትንሽ በእግሩ ለሚሄድ ሰው የኛ ጀፎሮ ሩቅ አይደለም። ጀፎሮ ቤቶቻችን ግራና ቀኝ ቆመው የሚተያዩበት ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። መንገዳችንም እሱ ነው። ከብት ይውልበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። ቅዳሜና እሁድ ዘቢዳር ተራራ ወጥተው የሚመለሱ እንግዶች እዚህ ያርፋሉ። ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ጋደም ይላሉ። ድካማቸው ሲወጣላቸው ደግሞ የኔን ቤት ሊያዩ ይመጣሉ። በዚህ በኩል በሣር ተከድኖ የቀረው የኔ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል።

ቤቱን ያቆመው አባቴ ነው። ክብ ነው፣ መሀሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ አለው። እንግዶቹ ገብተው ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣሉ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ ምን ብዬ እንደማስረዳቸውም አላውቅም። እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ ባለቤቴ ልጆቻችንን የት ጋ እንደወለደቻቸው እነግራቸዋለሁ። ይበቃቸዋል መሰለኝ።

ቀድሞ እሳታችን እዚያው ቤት መሀል ነበር የሚነደው። ከዚያ ባለቤቴን ሳል ያዛት። ዛሬ ይተዋታል ነገ ይተዋታል ስንል ቆየንና ጤና ጣቢያ ወሰድናት። “ደረትሽ ጭስ አይችልም፣ ጭስ ካለበት ቤት አትቀመጪ” አሏት። ቡታጅራ ያገባችው ልጃችን መጥታ፣ “አባ፣ ለማድቤት ጓሮ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ይሠራ” አለች። ሠራን። እሳቱ ከቤት ወጣ። ሳሉ ቀለል አላት። እንግዶቹም ዓይናቸውን እያሹ መውጣት ቀረላቸው። አልሐምዱሊላህ ብለን ተቀመጥን።

ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጥላሸት ለብሶ ያብለጨልጭ የነበረው ጣሪያ አመድ መስሏል፣ በእጅ ሲነኩት ይበናል። ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ ነው፣ መጥቶ በከዘራው ወጋ ወጋ አደረገው።

“ጭሱን አስወጣችሁትና ውሃው ገባ” አለኝ።

እኔስ አጥቼው ነው? ሣሩን ከነቀዝም ከእርጥበትም የሚጠብቀው ጭሱ እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ግን ሰው አጠገብህ እያሳለ ሲያድር ስለ ሣር ማን ያስባል።

“የኔ ቤት ዝናብ ሲመጣ ይጮሃል፣ ያንተ ቤት ያለቅሳል” ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ቆርቆሮ ካለበሰ ቆይቷል።

“እንግዲያው ና ውጣና ክደንልኝ።”

“እኔና አንተ ከወጣን ማን ያወርደናል?”

እውነቱን ነው። ድሮ ክዳን ሲያረጅ የጀፎሮው ወንድ ሁሉ ይወጣ ነበር። አሁን ጎልማሳው አዲስ አበባ ነው፣ የሚመጣው ለአረፋ ነው፣ በልቶ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። ለክዳኑ ሰንበሌጥ እናጭድበት የነበረውም ሜዳ ታርሶ በርበሬ በቅሎበታል።

ወንዶቹ ልጆቼ በስልክ፣ “አፍርሰነው ባለ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት እንሥራላችሁ” አሉ። ይህ ወሬ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ ከከተማው ባህል ቢሮ ሁለት ወጣቶች መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው።

“አባባ፣ እባክዎን እንዳያፈርሱት። ይሄ ቅርስ ነው።”

“እሺ ልጆቼ። ክዳኑንስ ማን ይክደነው?”

“እሱን ተነጋግረን እናሳውቅዎታለን” አሉና ፎቶ አንስተው ሄዱ። እስካሁን እየተነጋገሩ ይሆናል።

ባለቤቴን ጠየቅኳት። “ቆርቆሮ ጠልቼ አይደለም” አለች። “ምሰሶው ሲወድቅ ግን ቆሜ አላይም።” ከዚያ ወዲያ ስለዚህ አላነሳችም። ጠብታው ቦታ በቀየረ ቁጥር አልጋዋን በምሰሶው ዙሪያ እናዞራለን። አንድ ጧት ብርድ ልብሷ ቢጨመቅ ውሃ የሚወጣው ሆኖ ተገኘ፣ ሳሉም ተመለሰ። ልጃችን ወደ ቤቷ ልትወስዳት ባጃጅ ይዛ መጣች።

ባለቤቴ ከተሳፈረች በኋላ አንገቷን አውጥታ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ክረምቱ ሲወጣ መጥተህ ትወስደኛለህ” አለችኝ።

“ኢንሻአላህ” አልኳት።

በዚያው ሳምንት እንግዶች መጡ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ብርሃኑ በጣሪያው ቀዳዳዎች እየገባ መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

“አባባ፣ ይሄ ብርሃን እንዴት እንደሚያምር። ድሮም እንዲህ ተደርጎ ነው የሚሠራው?”

“ዝናቡ ነው የሠራው” አልኳት። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ይህንን ለባለቤቴ በስልክ ነገርኳት። እሷም ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ “አሁን እኔ የለሁም። ለማን ብለህ ነው እሳቱን ውጭ የምታነደው? አስገባው፣ ይጭስ፣ ይድረቅ” አለች።

ይህን እንዴት እኔ አላሰብኩትም። በዚያው ቀን እንጨቱን አስገብቼ አነደድኩ። መጀመሪያ ትንኙና ትሉ ከላይ ረገፈ። ቆይቶ ጭሱ በክዳኑ ውስጥ እያለፈ ወደ ውጭ ይወጣ ጀመር፣ እንደ ድሮው። ጎረቤቴ ከሜዳው ላይ፣ “ቤትህ ተነፈሰ” ብሎ ጮኸልኝ። ከቀን ወደ ቀን ጣሪያው እየጠቆረ ሄደ። ጠብታውም ከምሰሶው ወዲህ ያለው ቆመ፣ በአልጋዋ በኩል ብቻ ቀረ። ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ደስታዬ ወዴት እንደሚወስደኝ አላየሁም።

ትናንት ደወለች። ድምፅዋ ጠርቷል፣ ሳል የሚባል የለበትም።

“ደረቀ?”

“እየደረቀ ነው።”

“እንግዲህ ልመጣ ነው። የሰው ቤት መሮኛል፣ የልጄም ቢሆን።”

እሳቱን አየሁት። ባጠፋው ጣሪያው ይበሰብሳል። ብተወው ደረቷ አይችለውም።

“ክረምቱ ይውጣ” አልኳት።

“ክረምቱ እኮ ወጣ። እዚህ ሰማዩ ጠርቷል። እዚያስ?”

በሩ ላይ ሄጄ አየሁ። ከዘቢዳር በላይ አንድም ደመና የለም።

“እዚህም ጠርቷል” አልኳት።

“ታዲያ መቼ ትመጣለህ?”

በዚህ መሀል ከተራራው የወረዱ እንግዶች ደጃፌ ደርሰዋል። “አባባ፣ መግባት ይቻላል?” ይላሉ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በእጄ ግቡ አልኳቸው። ገቡ፣ ወዲያው እያሳሉ ወጡ። እሷ ሰማቻቸው። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።