የተያዘላት ቦታ

ምክትል ርእሰ መምህራችን ድምጿ ከደወሉ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሴት ናት። ተማሪዎች «ደወሏ» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አልሰማችም።

ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ትምህርት ቤታችን መልኩን ቀየረ። ከየአቅጣጫው የመጡ ሠራተኞች ልጆቻቸውን አስመዘገቡ፤ የሰፈሩ ነባር ወላጆች ደግሞ «ትምህርቱ ወረደ» እያሉ የራሳቸውን ልጆች ከተማው ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ማሻገር ጀመሩ። ትምህርቱስ አልወረደም፤ የማስተምረው እኔው ነኝ፣ የማስተምረውም ያንኑ የድሮውን ነው። ግን ማን ይሰማል።

ምክትላችን ቤት ለቤት እየዞረች ወላጅ ትለምን ነበር። «ልጆቻችንን ከሰው ልጅ ነው የምናሸሻቸው? የእኔም ልጅ እዚሁ ናት» ትላለች። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከስብከቱ ሁሉ ትበልጥ ነበር። እሷን አምነው ልጆቻቸውን ያስቀሩ ብዙ ናቸው።

እውነትም ልጇ የእኔ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዝምተኛዋ ከምንላት ከፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አይለያዩም። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ግን የምክትላችን ልጅ ቀረች። «አሟታል» አለችኝ እናቷ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። አለቃዬ ናትና ምን ነካት ብዬ አልጠየቅኩም።

አንድ ጠዋት ምክትላችን ክፍሌን ልትጎበኝ ገባች። ተማሪው አራት አራት ሆኖ ተጣቧል፤ ቦታ ያጡት ከኋላ ቆመዋል። አንድ ዴስክ ላይ ግን ሦስት ልጆች ወደ ጥግ ተጨናንቀው፣ በተረፈው ቦታ የዝምተኛዋ ቦርሳ ተንፈላሶ ተቀምጧል።

«ይሄ ቦርሳ ይማራል እንዴ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። «አንሺው። ሰው ቆሞ እየተማረ አንቺ ቦታ ትይዣለሽ?»

ልጅቷ ተነሳች። «ለልጅዎ ነው፣ ቲቸር። እስክትድን ሰው እንዳይቀመጥበት ብዬ ነው።»

ሳቁ ቆመ። የምክትላችን ፊት በርበሬ መሰለ። «ጎበዝ» አለች፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ፣ ወጣችም። እኔ ሞኙ የልጇ ነገር ሆዷን አባብቷት ነው ብዬ አዘንኩላት።

በዚያው ሳምንት ዝምተኛዋንና ሁለት ጓደኞቿን አስከትዬ፣ ብርቱካን አንጠልጥለን፣ አስቀድመን ሳንናገር በሽተኛዋን ልንጠይቅ ሄድን። በሩን የከፈተችው ራሷ ምክትላችን ናት።

«ተኝታለች» አለች ቶሎ ብላ።

«ግድ የለም፣ እስክትነሳ እንጠብቃለን» አልኳት። ሳይጠይቁ መመለስ ነውር መስሎኝ።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተደረደርን። እሷ አልተቀመጠችም፤ አንዴ ሰዓቷን አንዴ በሩን ታያለች። እኔ ደግሞ ወሬ አበዛሁ። «ልጆቹ በጣም ይወዷታል» እላለሁ።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን አዝላ፣ መንገድ ላይ ስትሸፋፈንበት የዋለችውን ጃኬት ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የማዶውን ትምህርት ቤት አረንጓዴ ሹራብ እንደለበሰች ገባች። «እማዬ፣ ራበኝ» አለች። ከዚያ እኛን አየችን።

እናትየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። እሷን አምነው ልጆቻቸውን ያስቀሩት ወላጆች ትዝ አሉኝና አፈርኩ፤ ለእሷም አፈርኩ፣ ሳልጠይቅ ባመንኩት በራሴም።

ዝምተኛዋ ሹራቡን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ተነስታ ጓደኛዋን ሳመቻት።

«እንኳን ማረሽ» አለቻት።

«ልጄ…» አለች እናትየው ወደ ዝምተኛዋ ዞራ።

«ምንም አይደል፣ ቲቸር። ከነገ ጀምሮ ቦርሳዬን አነሳለሁ።»

በማግስቱ በዚያ ዴስክ አራት ልጆች ተቀመጡ። ምክትላችን በመስኮት አየቻቸውና፣ ሳትገባ አለፈች።