የማይቆረጠው ትምህርት ቤት

ኬንጄጉልን የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ያደረግናት እሷ በሌለችበት ነው። የልጇን ኮፍያ ላምጣ ብላ ከክፍሉ ወጣች፤ ስትመለስ ሃያ ሦስት ሰው እጁን አውጥቶ ጠበቃት። መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው ካላችሁኝ፣ እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ከስብሰባው መጀመሪያ አንስቶ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። ያ ኮፍያ ባይረሳ ኖሮ ጉዱ የእኔ ይሆን ነበር።

«እኔ እኮ ሰው ፊት መናገር አልችልም» አለች፣ ኮፍያውን ደረቷ ላይ እንደያዘች።

«ማን ተናገሪ አለሽ» አልኳት። «ስብሰባ መጥራት ብቻ ነው። ጥሪና በቃ።»

ይህን ስላት የረሳሁት ነገር ነበር። ትምህርት ቤታችን ኡሚት ይባላል፣ ተስፋ ማለት ነው። የኬንጄጉል አማት፣ የባሏ አባት፣ ደግሞ ስማቸው ኡሚትባይ ነው። በእኛ በካዛኮች ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ስሙ ውስጥ ያለውን ቃል ሌላ ቦታ ብታገኘውም ዙሪያውን ዞራ ታልፈዋለች እንጂ አፏ ውስጥ አታስገባውም። ዛሬ ከተማ ያሉት ምራቶች ይህን ትተውታል። እኔም ብሆን የአማቴን ስም ባልጠራም በሆዴ ብዙ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ኬንጄጉል ግን ቀልድ አታውቅም። የባሏ ታላቅ ወንድም ጁማባይ ስለሚባል ጁማ የሚባለው ቀን፣ አርብ፣ ለእሷ የለም። «የሐሙስ ማግስት» ነው የምትለው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሐሙስ ማግስት።

ታዲያ ትምህርት ቤቱን ምን ትበለው? አንድ ሌሊት አሰበችና ተስፋ የማይቆረጥ ነገር ነው ብላ «የማይቆረጠው» አለችው። በማግስቱ በወላጆች የስልክ ግሩፕ ላይ የመጀመሪያው ማስታወቂያዋ ወጣ፦ «የተከበራችሁ ወላጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም መሣሪያ ይዛችሁ ለማይቆረጠው እንድትመጡ።» በረዶ ልንጠርግ ነበር። እኛ ኬንጄጉልን የምናውቃት አካፋ ይዘን ሄድን። ዳውሬን የሚባል አዲስ አባት ግን የሞተር መጋዝ ተሸክሞ መጣ።

«የታለ?» አለ፣ መነጽር ሁሉ አድርጓል።

«ምኑ?»

«የማይቆረጠው። ዛፍ መስሎኝ። እስቲ አሳዩኝና ይቆረጥ አይቆረጥ እናያለን።»

ግቢያችን ውስጥ ያለችው አንዲት የፖም ዛፍ ናት። ዳይሬክተሯ እትዬ ራይሃን ሮጠው ባይቆሙላት ዛሬ እሷም አትኖርም ነበር። ዳውሬን እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ «መጋዝ» ነው፤ ልጁም «የመጋዝ ልጅ» ሆኖ ቀርቷል፣ ምስኪን።

ትምህርት ቤታችን ድሮ ዳቦ ቤት ነበር። ሦስት ክፍል፣ አርባ ሰባት ልጅ፣ አምስት መምህር፣ አንድ ትልቅ የከሰል ምድጃ። ምድጃው ሲግል ግድግዳው አሁንም ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ልጁ ሁሉ ከመማር ይልቅ መብላት ያምረዋል። ምሳውን በየተራ እኛ እናቶች እናበስላለን። የእኔ ተራ ሲደርስ ልጆቹ ከቤት ቋጥረው እንደሚመጡ ደርሼበታለሁ፣ አልተቀየምኩም። አባቶች ምድጃ ይጠግናሉ፣ ማለትም አንዱ ይጠግናል፣ አምስቱ ቆመው እንዴት እንደሚጠገን ይነግሩታል።

ልጆቹ የኬንጄጉልን አነጋገር ሲሰሙ ወዲያው ጨዋታ አደረጉት። ጠዋት አንድ ቃል ይመረጣል፤ «በር» እንበል። እስከ ምሳ ድረስ በር ያለ ሰው የምድጃውን አመድ ያወጣል። አንዱ «የሚዘጋውን ዝጋው» ይላል፣ ሌላው «የሚንኳኳው ተንኳኳ» ይላል። የሒሳብ መምህሩ በስህተት ገብተውበት የዕለቱን ቃል፣ «ሁለት»ን፣ ሲጠሩ አመድ ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እትዬ ራይሃን ጨዋታውን ሊከለክሉ አስበው ነበር፤ ግን ልጆቹ በአንድ ወር ውስጥ የቃል ሀብታም ሆኑባቸውና ተዉት።

አዛውንቱም አሉ። ኡሚትባይ አባባ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የልጅ ልጃቸውን፣ የኬንጄጉልን ልጅ አክማራልን፣ በየጠዋቱ እጇን ይዘው ያመጧታል፣ ከዚያ ወደ ቤት መሄድ ሲገባቸው ምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ትንሽ ልሙቅ ብለው ነበር። ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ ገና አልሞቃቸውም። እትዬ ራይሃን ቢጨንቃቸው የቼዝ አስተማሪ አደረጓቸው። ልጅ ያሸንፋሉ፣ ሲሸነፉም ሰሌዳውን በክርናቸው ነክተው «እጄ ተንቀጠቀጠ» ይላሉ።

«ትምህርት ቤቱን በስሜ ሰየሙት፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አላሉኝም» ይላሉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ሻዩ እጃቸው ላይ እያለ።

አክማራል አሥር ዓመቷ ነው። ከዚህ በፊት በትልቁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበረች፤ አንድ ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ። እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ታወራለች፣ በሩን ስታልፍ አፏን ትዘጋለች። ሐኪሙ ምላሷ ደህና ነው አለ። እኛ ጋ በመጣች በአራተኛው ወር፣ በዚያ በቃል ጨዋታ ላይ፣ አንዱ ልጅ ሲሳሳት «አልክ» አለችው። ልጁ ከደስታው የተነሳ አመዱን እየሮጠ አወጣ። ኬንጄጉል ያን ዕለት ጓዳ ውስጥ ድንች ስትልጥ ነገርኳት፤ ቢላውን አስቀምጣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ይችላል ሲባል ከሁላችንም በላይ ማን እንደደነገጠ መናገር አያስፈልገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ በዚያ ዓመት የሚታደስ ነበር፤ ካልታደሰ በበጋ ይዘጋል። ያን ሰሞን በሌላ አውራጃ አንድ ትምህርት ቤት ፈቃዱን ለሚያድሰው ኮሚሽን የተውሶ ወላጆች አቅርቦ ተያዘ አሉ። ከገበያ ተጠርተው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዷ የትምህርት ቤቱን ስም ስትጠየቅ የሱቅ ስም ተናገረች። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንብ ወጣ፦ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር በቪዲዮ እየተቀረጸ፣ የራሱን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም በገዛ አፉ መናገር አለበት። ሊቀመንበሩ ደግሞ በመኸር የተላከው ወረቀት ላይ ያለው ሰው መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ያለችው ኬንጄጉል ናት። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ተለማመድን። እኔ ጓዳ ውስጥ እንደ ኮሚሽን ቁጭ እላለሁ፣ እሷ ትቆማለች።

«የትምህርት ቤቱ ስም?»

«ኡ...» ትላለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ ከዚያ ስቅታ ይይዛታል።

«በይ፣ አማትሽ እዚህ የሉም።»

«የሉም፣ ግን ስማቸው አለ» አለችኝ።

«ከአፍሽ ይውጣና ወዲያው ውሃ ጠጪበት።»

«ባግዳት፣ አንቺ ሁሉ ነገር በውሃ የሚሄድ ይመስልሻል» አለችኝ፣ ተቆጥታ። እውነቷን ነው።

ለአማቷ ነግራ ፈቃድ ብትጠይቅስ? እሱን ከነጭራሹ አትሞክረውም። «ስምዎን ልጠራ ነው» ብሎ አማት ፊት መቆም በእሷ ዘንድ ከመጥራቱ ይብሳል። ኮሚሽኑ የሚመጣበት ዕለት፣ በሐሙስ ማግስት፣ አዛውንቱን «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ቀለም ሊቀባ ነው» ብላ ዋሽታ እቤት አስቀረቻቸው። በዕድሜዋ የዋሸችው እሱን ብቻ ይመስለኛል።

ከዋና ከተማው ከአስታና የመጣው የኮሚሽኑ ሰው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጫማው ለእኛ ጭቃ የተሠራ አይደለም። ልጆቹን አየ፣ ምሳችንን ቀመሰ፤ ደግነቱ የእኔ ተራ አልነበረም። ከዚያ ስልኩን አወጣና ኬንጄጉልን ከሰሌዳው ፊት አቆማት።

«እኔ ኬንጄጉል» አለች፣ «የ... የማይቆረጠው ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነኝ።»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ። «የማነው?»

እትዬ ራይሃን ነገሩን አስረዱት። አልሳቀም፣ ይህን አልረሳለትም።

«እህቴ፣ ይገባኛል» አለ። «እናቴም እንዲሁ ነበረች። ግን ቪዲዮውን አስታና ቁጭ ብለው የሚያዩት ሰዎች እኔን አይጠይቁኝም፣ የእርስዎን አፍ ነው የሚያዩት።»

«ጽፌ ልያዘው?»

«በአፍ ነው የሚለው።»

«ሌላ ሰው ይበልልኝ?»

«ወረቀቱ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። እስቲ አንዴ እንሞክር።»

ሁለተኛ ሞከረች። «እኔ ኬንጄጉል፣ የ...» ብላ ቆመች። አክማራል ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የእናቷን አፍ ታያለች። ስቅታው መጣ። ሰውዬው ሰዓቱን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ ሁለት ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል። ካልሆነ አልተረጋገጠም ብዬ መጻፍ ግዴታዬ ነው» አለ።

እኔ ያን ጊዜ በጓዳው በር ወጣሁ። ቤታቸው ሁለት አጥር አልፎ ነው። አዛውንቱ መስኮት ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

«አባባ፣ ትምህርት አለ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ቀለም የሚቀባ ሰው አላየሁም።»

«ምራትዎ ስምዎን መጥራት አቅቷት ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው።»

«ስሜን?» አሉ። የሚቆጡ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ባርኔጣቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ እኔ እየሮጥኩ ነው የደረስኩባቸው።

ሲገቡ ኬንጄጉል ሰሌዳው ሥር ቆማ ነበር፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና። በጣቶቿ መሃል ስታያቸው ወደ ሰሌዳው ተጠጋች። እሳቸው ሰውየውንም ሰላም አላሉ፣ ባርኔጣቸውንም አላወለቁ።

«ልጄ» አሏት፣ «ጥሪው።»

«አባባ፣ አልችልም።»

«እኔም እኮ ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም።» ድምፃቸው እንደ ወትሮው የቀልድ ነበር። «ሚስቴ ሃምሳ ሁለት ዓመት ‹አንተ ሰውዬ› ስትለኝ ኖራ ሞተች። ደግ ሴት ነበረች፣ አንድ ቀን ስሜን አልጠራችም። የሚጠሩኝ እኩዮቼ ነበሩ። ሰይሰንባይ የመጨረሻው ነበር፤ እሱም መጋቢት ላይ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስሜን የሚጠራው የጡረታ ቢሮ ብቻ ነው፣ እሱም ከመስታወት ጀርባ ሆኖ፣ ከአባቴ ስም ጋር አምታቶ። ከቤቴ ሰው አፍ አንድ ጊዜ ልስማው። ሰው ስሙን ሳይሰማ ሲቆይ የሌላ ሰው ስም ይመስለዋል።»

ክፍሉ ውስጥ ከልጅ እስከ ወላጅ ሠላሳ ሰው ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። መጋዝም አለቀሰ፣ እሱ ግን ይክዳል።

ኬንጄጉል እጇን ከፊቷ ላይ አወረደች። ወደ ስልኩ አልዞረችም፣ ወደ እሳቸው ነው ያየችው።

«ኡሚት» አለች።

አማት ለምራቱ «ወዬ» ነው የሚለው፣ እሱም ደስ ካለው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አቤት» አሉ።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ስልኩን አየ፣ ደግሞ አየ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ፣ «አልቀዳሁትም። እንደገና ሊሉት ይችላሉ? ሙሉውን?»

«ትበለው» አሉ ኡሚትባይ አባባ፣ የልጆቹ ወንበር ላይ እየተቀመጡ። «እኔ የምቸኩልበት የለኝም።»

አለችው። መጀመሪያ ድምፁ አነሰ ተባለ፣ ቀጥሎ የመጋዝ ልጅ ፊት ለፊት አለፈ፣ እና በአራተኛው ተሳካ። ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ታድሷል። አስታና ያለውን ቪዲዮ የከፈተ ሰው አንዲት ሴት ቀጥ ብላ ቆማ «የኡሚት ትምህርት ቤት» ስትል ያያል፤ ከካሜራው ጀርባ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «አቤት» ሲሉ ይሰማል።