ወንድሜ ለአዬ የጻፈው

ታላቅ ወንድሜ በሞተ በወሩ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሩን እንዲወስድ ባልደረባውን ላከ። እናታችን ግን፣ «ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ እዚያ ውስጥ ነው ብሎኛል» አለች። ባልደረባውም እስከ ምሳ ሰዓት ሊጠብቀን ተስማማ።

ኮምፒውተሩ ሊኑክስ ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍበታል። ወንድሜ ጥቂቶቹን አስተምሮኝ ነበር። «ኤልኤስ» ስጽፍ የፋይሎቹ ስም ተደረደረ። ሁሉም ቁጥር ነው! «ግሬፕ» ደግሞ ፋይሎቹ ውስጥ ያለ ቃል ይፈልጋል። «ማዘር» ብዬ በእንግሊዝኛ ፈለግሁ። የለም። «ሌተር» አልሁ። አሁንም የለም።

ባልደረባው ሳቀብኝ። «አንተ፣ እናትህ እንግሊዝኛ ይሰማሉ እንዴ?»

እውነቱን ነው! እናታችን የምትሰማው ወላይትኛ ብቻ ነው። ወላይትኛን ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርነው በላቲን ፊደል ነው፤ በዚያው ኪቦርድ ይጻፋል። እናታችንን ቤት የምንጠራበትን «አዬ» ጻፍኩና ኢንተርን ነካሁ። አንድ መስመር ወጣ፤ የፋይሉም ስም አብሮት።

«ተገኘ! አዬ፣ ነይ፣ ተገኘ!»

ከእንሰቱ ጓሮ እየሮጠች መጣች። ፋይሉን በ«ካት» ትእዛዝ ከፍቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ። ወላይትኛ የሚችለው ባልደረባው ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረና እስከ መጨረሻው አነበበላት።

«እንደገና» አለች እናቴ።

ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። እሱ ግን ከመጀመሪያው ጀመረላት።