ጥርሱ የወለቀ ሚዶ

የሴናሜ እናት አዮኮ ሹሩባ ሠሪ ናት። ሎሜ ከተማ ውስጥ፣ ቤ በሚባል ሰፈር፣ ከሐይቁ ወደ ገበያው በሚወስደው አሸዋማ መንገድ ዳር፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ዘርግታ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ፀጉር ስትሠራ ኖራለች። የምትሠራበት ሚዶ ከእንጨት የተጠረበ ነው። እጀታው ላይ የወፍ አንገት የመሰለ ጉብታ አለው፤ ከዳር ሦስተኛው ጥርሱ ደግሞ ተሰብሯል። የሰበረችው ሴናሜ ናት፣ ዳዴ ትል በነበረበት ጊዜ። ነክሳው ይሁን መሬት ላይ አንኳኩታው እስከ ዛሬ አልተጣራም። አዮኮ ግን ሌላ አልገዛችም። “ይሄንን እጄ ለምዶታል፤ ደግሞስ ጥርሱ የወለቀ ሰው ይጣላል እንዴ?” ትላለች።

ሴናሜ ከልጅነቷ ስዕል ወዳድ ነበረች። ስዕል መውደድ በሽታ ነው አልልም፤ ድሃ ቤት ሲገባ ግን ማስታመሙ ከባድ ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ ያለችውን መሬት ሸጦ የዲዛይን ትምህርት ቤት አስገባት። ተመረቀች። ተመርቃም በየበሩ መዞር ጀመረች።

“ልምድ አለሽ?” ይሏታል።

“ልምድ ላገኝ ነው የመጣሁት።”

“እንግዲያው ልምድ ስታገኚ ነይ።”

ሥራ የሰጣት ሁሉ በነፃ ነበር የሚያሠራት። ፓስተሩ የጸሎት ጉባኤውን ማስታወቂያ አሠራትና ባረካት። የዓሣ ጥብስ ቤት ባለቤቷ ግድግዳዋን በዶራዶ ዓሣና በሸርጣን አስሞልታ፣ “እኔ ቤት ስንት ሰው እንደሚገባ ታውቂያለሽ? ስምሽ ይታወቃል” አለቻት። በልምምድ ስም የወሰዳት ማተሚያ ቤት ደግሞ ወለል ሲያስጠርጋት ከርሞ፣ አንድ ቀን የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት የእሷን ሥራ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ስም እያኘከ ያደረ ሰው አላየሁም። ሴናሜ ግን የሰውን ቃል የምታምን ልጅ ስለነበረች ስሟ የሚታወቅበትን ቀን ትጠብቅ ነበር።

አንድ የጨርቅ ንግድ ቤት ወጣት ዲዛይነሮችን እቀጥራለሁ ብሎ ያወጀው በዚህ ጊዜ ነው። ፈተናው አንድ የጨርቅ ንድፍ ስሎ ማቅረብ ነበር። ሴናሜ ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። በዚህ አገር የጨርቅ ዲዛይነር ከመሆን የበለጠ ምን ክብር አለ? ሴቱ ሁሉ ለብሶሽ ይዞራል፤ ለልደትም ለለቅሶም ትጠሪያለሽ።

እናቷ ሥር ተቀምጣ ሚዶውን ሳለችው። የወፍ አንገቱን ሳለች፣ በእንጨቱ ላይ ያለውን ጭረት ሳለች፣ የተሰበረውን ጥርስም እንዳለ ሳለች። በሚዶዎቹ መካከል የሹሩባ ጉንጉን እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ አደረገች። ቀለሙን የቀይ አፈርና የሐይቅ ውሃ ቀለም አደረገችው።

ሥራውን መጀመሪያ ያሳየችው ሰፈሩ ሁሉ ‘ፎ’፣ ማለት ታላቅ ወንድም፣ እያለ ለሚጠራው ለፎ ዶዲ ነው። ፎ ዶዲ በወጣትነቱ ጨርቅ ማተሚያ ውስጥ ሠርቷል፤ አሁን የመኪና ታርጋና የሱቅ ስም ይጽፋል። ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ተናገረ።

“ቆንጆ ነው” አለ። “አራቱንም ጠርዝ ልትገጥሚው ነው?”

“አዎ፣ ፎ። ጨርሼ ነው የምሰጣቸው።”

“ተይ።”

የጨርቅ ስዕል ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ስዕል አይደለም። የቀኙ ጠርዝ ከግራው፣ የላዩ ከታችኛው ካልገጠመ ሲደጋገም መጋጠሚያው ያፈጣል። ጠርዙ የገጠመ ንድፍ ግን ሌላ ሰው ሳይነካው ማሽን ላይ ይወጣል። ስለዚህ የድሮዎቹ ሰዎች ለፈተና ሲያቀርቡ አንዱን ጎን ክፍት ይተዉት ነበር። የፈለገ ባለቤቱን ጠርቶ ያስጨርስ።

“ጠርዙን ዘግተሽ ከሰጠሽ ቤቱን ከነቁልፉ አስረከብሽ ማለት ነው” አለ ፎ ዶዲ።

“ጎደሎ ሥራ ይዤ ብሄድ አትችልም ይሉኛል፣ ፎ።”

“ይበሉሻ። የሚፈልግሽ ተመልሶ ይጠራሻል።”

አልሰማችውም። ትምህርት ቤት ያስተማሯት ጨርሶ ማስረከብን ነው፤ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ “ገና ነሽ” ስትባል ለኖረች ልጅ ጎደሎ ነገር ይዞ መቅረብ ሞቷ ነው። አራቱንም ጠርዝ ፀጉር በማያሾልክ ጥንቃቄ ገጠመችውና ወስዳ ሰጠች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

የተቀበላት ሙሴ አናኒ፣ ማለት አቶ አናኒ የሚባል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠርዙን ከጠርዝ አጠፈና አገጣጠመ። ገጠመለት። ፈገግ አለ።

“ብቻሽን ነው የሠራሽው?”

“ብቻዬን ነው፣ ሙሴ።”

“ጎበዝ። እንደውልልሻለን።”

ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ተኛች፣ ይዛ ገላዋን ታጠበች። አልተደወለም። ንግድ ቤቱ ድረስ ስትሄድ ዘበኛው ቦታው ተይዟል አላት። ያም አለፈ። ድሃ ደግሞ ሐዘኑንም ቶሎ መጨረስ አለበት፤ ተመልሳ የሱቅ ስም መጻፍ ጀመረች።

ሐርማታን የሚባለው የበረሃ ነፋስ አቧራውን ይዞ በመጣበት ወር ለእናቷ ክር ልትገዛ ትልቁ ገበያ ወጣች። ከጨርቅ ነጋዴዎቹ መደዳ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ዳቪ ቴሌ ከምትባለው ነጋዴ ሱቅ አናት ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የእናቷ ሚዶ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ አይደለም፣ መቶ ሚዶ። ሁሉም የወፍ አንገት አለው፤ ሁሉም ከዳር ሦስተኛ ጥርሱ የለም።

መጀመሪያ ደስ አላት። ይህን ሳልናገር አላልፍም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል የተቀጠረችና ያልነገሯት መስሏት ደስ አላት። ቀጥሎ የጣቃውን ዳር ገልጣ የታተመውን አነበበች። የንግድ ቤቱ ስም ብቻ ነው።

“ወደድሽው አይደል?” አለች ዳቪ ቴሌ፣ ከነግርማ ሞገሷ በርጩማ ላይ ተንሰራፍታ። “ስሙን ታውቂያለሽ? ‘ጥርስ ቢሰበርም ሳቅ አይቀርም’ ይባላል። ባሏ ሌላ ያገባባት ሴት ለብሳው ጎረቤት መሃል ታልፋለች። እሳት ነው! ዛሬ ካልወሰድሽ ነገ የለም።”

“ዳቪ፣ ይሄን የሳልኩት እኔ ነኝ።”

ዳቪ ቴሌ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ነጠላ ጫማዋን አየች፣ ጣቷ ላይ የደረቀውን ቀለም አየች። ከዚያ ለጎረቤት ሱቅ ተጣራች፤ “ኧረ ስሙ! የጨርቄ እናት መጣች!”

መደዳው በሳቅ ተናጋ።

“ስሚ ልጄ” አለች ዳቪ ቴሌ ሳቋን ስትጨርስ፣ ክፉም ሳትሆን። “ጨርቅ የሚወለደው ወረቀት ላይ አይደለም። እዚህ ነው። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስም ባላወጣለት ኖሮ አይጥ ይበላው ነበር። እናቱ እኔ ነኝ። በይ፣ ትገዢያለሽ ወይስ ፀሐዩን ትጋርጂብኛለሽ?”

ከገበያው ቤት ገብታ ወጣችና ሙሴ አናኒ ዘንድ ሄደች። የመጀመሪያ ንድፎቿን ይዛለች። ሰውየው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተቀበላት፤ ውሃ እንኳ አስቀዳላት።

“የኔ እህት፣ ሚዶ የማን ነው? በሁሉም ቤት ሚዶ አለ። አንድ ሐሳብ ለሁለት ሰው ሊመጣ ይችላል።”

“ሦስተኛው ጥርስስ? የተሰበረውስ?”

“እሱ የማተሚያ ጉድለት ነው” አለ ሙሴ አናኒ ሳያፍር። “ሴቶቹ ወደዱት፣ ተውነው። አሁን ሥራ አለብኝ።”

ንድፎቿን ሰብስባ ወጣች። ለእናቷ ብቻ ነገረቻት። አዮኮ ሚዶውን አገላብጣ አየችና፣ “ይሄን እንጨት?” አለች። ለሰው እንዳትናገር ሴናሜ አስማለቻት፤ አበደች ይሉኛል ብላ።

ጊዜ አለፈ። አንድ ማዳም ኢሶሊም የተባለች ሴት ቦርሳና ቀሚስ የምታመርትበት ቤት ከፍታ ዲዛይነር ፈለገች። ሴናሜ የሥራ ማህደሯን አዘጋጀች። የሚዶውን ንድፍ ላውጣው ላስገባው ስትል ቆይታ አስገባችው። ከሥራዋ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ማንም ሰው የመጀመሪያ ልጁን ደብቆ ለሽማግሌ አይቀርብም።

ማዳም ኢሶሊም ገጾቹን ስትገልጥ ደስ ብሏት ነበር። ሚዶው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

“ይሄ ገበያ ላይ ያለው አይደለም እንዴ?”

“የኔ ነው፣ ማዳም። ከእነሱ በፊት ነው የሳልኩት። የእናቴ ሚዶ ነው።”

“እሺ።” ማዳም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጋችው። “እኔ ጀማሪ ሰው ከሌላ ቢማር አልጠላም። ግን ሲሰርቁ ዘዴ አለው። አንቺ እኮ የፋብሪካውን ስህተት ጭምር ነው የገለበጥሽው! ይቺን ጥርስ እንኳ ብትቀጥይለት ምን ነበረበት?”

ሴናሜ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ማህደሯን ዘግታ ወጣች። የዚያን ቀን ከማዳም ቤት እስከ ቤቷ በእግሯ ነው የሄደችው፤ ሞተር ታክሲዎቹ እየቆሙ ቢጠሯት አልሰማቻቸውም። ስትደርስ የሚዶውን ንድፍ ከማህደሩ አውጥታ ከፍራሹ ሥር ከተተችው። ከሦስት ሰው የሰማችውን አንድ ላይ ስታስበው፣ እውነቱን መናገር ራሱ እንደ ሌባ ያስቆጥራት ጀመር።

በዚህ ላይ ሠርግ መጣ። የአባቷ እህት ታሲ ማብሌ ልጇን ልትድር ነው። በእኛ ዘንድ ቤተዘመድ አንድ ጨርቅ መርጦ ሁሉም ከዚያው ይገዛል፤ ያልለበሰ ከቤተሰቡ እንደተጣላ ይቆጠራል። ታሲ ማብሌ የመረጠችውን ጣቃ ተሸክማ ከማንጎው ሥር መጥታ ፈታችው። የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

“ለገዛ ሚዶዬ ገንዘብ አልከፍልም!” አለች አዮኮ፣ ታሲ ማብሌ ከሄደች በኋላ።

“ዳዳ፣” አለቻት ሴናሜ እናቷን፣ “ተዪ በናትሽ። ብቻሽን ሌላ ለብሰሽ ብትሄጂ ምን ይሉሻል? አባቴ ከሞተ ወዲህ ዝምድናው ተቆረጠ ይላሉ።”

ገዙ። ልብስ ሰፊዋም ሰፋችው።

በሠርጉ ቀን ግቢው ሙሉ ሚዶ ነበር። ሚዶ ይጨፍራል፣ ሚዶ ሕፃን ያጠባል፣ ሚዶ የዘንባባ አረቄ ይጠጣል። ሴናሜ ከእናቷ ጋር ጥግ ይዛ ሩዝና ዓሣዋን ስትቆነጥር ታሲ ማብሌ ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። አረቄው ትንሽ ሞቅ አድርጓታል።

“አንቺ ልጅ” አለች ጮክ ብላ፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጨርቅ እየዳሰሰች። “ስዕል ስዕል ብለሽ የወንድሜን መሬት አስሸጥሽ፤ ነፍሱን ይማረው። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ይሄን የመሰለ ነገር ሳዪና እንኩራብሽ!”

አዮኮ የጎረሰችውን ዋጠች። እጇን ሻሿ ውስጥ አስገብታ ሚዶውን ከፀጉሯ መዝዛ አወጣችና ጉልበቷ ላይ፣ ከታተመው ሚዶ ጎን አስቀመጠችው።

“ማብሌ፣ ይሄን እዪ። አንገቱን እዪ። ጥርሱን ቁጠሪ።”

ታሲ ማብሌ ጎንበስ ብላ አየች። ጥርሱን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ከዚያ ታሲ ማብሌ ጭኗን በእጇ መታችና በሳቅ ፈነዳች።

“ኧረ ሰዎች ኑ! ኑ እዩልኝ! አዮኮ ከጨርቁ ጋር እንዲመሳሰልላት የገዛ ሚዶዋን ሰብራ መጣች!”

ጥጉ በሳቅ ተሞላ። አንዷ፣ “እኔም የቤቴን ልስበር!” አለች። ሌላዋ ሚዶውን ለማየት እጇን ዘረጋች።

“አልሰበርኩም!” አለች አዮኮ፣ ሚዶውን ወደ ራሷ እየሳበች። “ይሄ ድሮ የተሰበረ ነው! ይሄን ጨርቅ የሳለችው... ሴናሜ፣ ንገሪያቸው እንጂ!”

ሁሉም ወደ ሴናሜ ዞሩ። አፋቸው ለሌላ ሳቅ እንደተከፈተ ነው። ሴናሜ የዳቪ ቴሌን መደዳ አሰበች፣ የሙሴ አናኒን ውሃ አሰበች፣ የማዳም ኢሶሊምን ቃል አሰበች። ለአራተኛ ጊዜ ሌባና እብድ መባል አቃታት።

“ከጨርቁ ጋር ይሂድልኝ ብላ ነው” አለች። እሷም ሳቀች፤ ከሁሉም ጮክ ብላ።

አዮኮ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ሚዶውን በቦርሳዋ ከተተችና ዓሣዋን መብላት ቀጠለች።

በማግሥቱ ሴናሜ ከማንጎው ሥር ስትደርስ እናቷ የአንዲት ተማሪ ፀጉር እየከፈለች ነበር። በእጇ የያዘችው ከገበያ የተገዛ፣ ጥርሱ አንድም ያልጎደለ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሚዶ ነው።

“ዳዳ፣ ያኛውስ?” አለቻት ሴናሜ።

“ይሄም ደህና ነው” አለች አዮኮ፣ ፊቷን ከልጅቱ ፀጉር ሳታነሳ። “እጄ ይለምደዋል።”