ዝምተኛ ሞተር የሚወድ ሾፌር

ባለታክሲው ሸሚዙን እንደ ሙሽራ ተኩሶ፣ የተቃጠለ ቫልቭ ይዞ ጋራዡ ሲመጣ ይህ ሁለተኛው ነው። ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ሲል ሐሜቱን የሰማ ይመስል ፊቱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ የቫልቩን ክፍተት ራሱ በመፍቻ ያጠብባል። አይ ጥበበኛ!

«አንተ ሰው፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ የሚበርደው ገጥሞ ሲዘጋ ነው» አለው መካኒኩ። «ክፍተት ስትነፍገው መዝጋት ያቅተውና ይቃጠላል። ጠቅታው ጤናው ነው!»

«እማዬ ትነቃብኛለቻ! ሕመሙ ፋታ ሰጥቷት የምትተኛው ሐኪም ቤት ሳመላልሳት ብቻ ነው።»

መካኒኩ የኋላ መቀመጫውን አየ፤ ትራስና በጥንቃቄ የታጠፈ ብርድ ልብስ። ክፍተቱን በልኩ መለሰለትና ከራሱ ወንበር ላይ ስፖንጁን ቦጨቀ።

«ቫልቭህን ተውና ጠቅታው እንዳይቀሰቅሳት ይህን ከዳሽቦርዱ ሥር ወትፍላት።»