የሞተሯ መሪና የሁለታችን ልክ

እናታችን ለበዓል ልብስ ስታሰፋ ወደ ልብስ ሰፊው የምትወስደው ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ነበር። ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ግን በቁመትም በትከሻም ደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ በዕለቱ ሥራ ያልያዘው ልጅ ይሄዳል፣ ሜትሩ በእሱ ላይ ይዘረጋል፣ ሁለት ኮትና ሁለት ሱሪ ይቆረጣል። እናቴ ሰፊውን «የሁለቱም ልክ አንድ ነው» ትለው ነበር፣ እንደ ኩራት አድርጋ። ካደግን በኋላም ነገሩ አልተለወጠም፤ እኔ ጃኬቱን እለብሳለሁ፣ እሱ ጫማዬን ያደርጋል። የምጽፈው ስለ አንዲት ሞተር ብስክሌት ነው፤ ስህተቴ ግን የተጀመረው እዚያ፣ በልብስ ሰፊው ቤት ነው።

ሞተሯ የወንድሜ ናት። ቀይ፣ ለፍጥነት የተሠራች፣ መሪዋ እጅግ ዝቅ ያለ የስፖርት ሞተር ናት። ፈቃዷን ለማግኘት የብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቶላታል። የሚነዳት ሰው ደረቱን በነዳጅ ታንከሯ ላይ አስተኝቶ፣ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ ነው መንገዱን የሚያየው። የተቀመጠባትን ሁሉ ጎንበስ ስለምታደርግ የላፍቶ ልጆች «አሰጋጇ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። ወንድሜ ስሙን ይወደው ነበር።

ሕመሙ የጀመረው ከወገቡ ነው። ጠዋት ሲነሣ ይደርቅበታል፤ እስከ ረፋዱ ይለቀዋል። ውሎ አድሮ ረፋዱ ወደ ቀትር ተሻገረ። ሐኪሙ የአከርካሪው አጥንቶች እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ መሆኑን፣ በሽታው ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ግን ወደ ኋላ የማይመለስ መሆኑን አስረዳን። ወንድሜ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ መንዳት ይችል እንደሆነ። ሐኪሙ ጎንብሶ እንዳይነዳ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ከሆነ ግን ለጊዜው እንደማይከለክለው ነገረው። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወንድሜ እንዲህ አለኝ፦

«እሷን የሸጥኩ ቀን በሽተኛ ነኝ። እስከዚያ ወገቡን የሚያመው ሰው ነኝ።»

ይህን ቃሉን እንደ አደራ ተቀበልኩት። እኔ ነገርን ሁሉ ከመጽሐፍ መጀመር የሚቀናኝ ሰው ነኝና ስለ አከርካሪ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የሞተሯን መሪ ከፍ ማድረግ እንደሚቻልም የተረዳሁት በማንበብ ነው። ከፊት ጎማዋ በላይ ግራና ቀኝ የታሰሩት ሁለት አጫጭር መያዣዎች ይወጣሉ፤ በምትካቸው ከፍ ያለ አንድ ወጥ መሪ ይገጠማል፤ ነጂው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀና ይላል። ወንድሜ እንዲህ ያለችው ሞተር የዕቃ ማመላለሻ ናት ብሎ ለሁለት ወር እምቢ አለኝ። በመካከሉ ክረምቱ ገባ። ሞተሯ በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ሥር ሸራ ለብሳ ከረመች፤ እሱም ወፍራም ሹራብ ደርቦ ቤት ውስጥ ከረመ። በመስከረም አንድ ማለዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ከእግሩ ጋር ማገናኘት አቃተው። ካልሲውን በእጁ እንደያዘ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «በል ውሰዳት» አለ።

የወሰድኳት ጎፋ ወደሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ነው። ባለቤቱ ብረት ሲቀርጹ ያረጁ ሰው ናቸው። ሞተሯን ሁለት ጊዜ ዞሯትና የሩጫ ፈረስ ገዝተን የበቅሎ ኮርቻ ልንጭንባት እንደሆነ ጠየቁኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው ቀልዱን ተዉት። ከዚያ ነጂውን እንዳመጣው አዘዙኝ። የመሪ ከፍታ የሚለካው በሜትር እንዳልሆነ ገለጹልኝ፤ ነጂው ሞተሯ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደሚመቸው አድርጎ ሁለት እጁን ይዘረጋል። እጁ ያረፈበት ቦታ የመሪው ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ብረቱ ያለውን ክፍተት እሳቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ።

ወንድሜ በዚያ ሳምንት ለአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይመላለስ ነበር። ከዚያም በላይ ሞተሯን ተፈታታ እንዲያያት አልፈለግሁም።

«የእኔና የእሱ ልክ አንድ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እንደ እናቴ፣ እንደ ኩራት አድርጌ ነበር ያልኩት። መንታ መሆናችንን ጠየቁኝ፤ አለመሆናችንን፣ ልብሳችን ግን በአንድ ልክ ሲሰፋ መኖሩን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄን ዘረጋሁ። ስድስት ጣት ሆነ።

ሥራው እንከን አልነበረውም፤ ይህን መመስከር ግዴታዬ ነው። መሪው የሚቀመጥባቸውን ሁለት የአሉሚኒየም እግሮች በቶርኖ ቀረጹ። የፍሪሲዮኑ ካቦ ስላጠረ በረጅም ተኩት፤ የፊት ፍሬኑን ቱቦ ቀይረው ውስጡ የገባውን አየር አወጡ። መሪውን ወደ ግራ ጥግ፣ ወደ ቀኝ ጥግ እየመለሱ ምንም እንዳይወጠር፣ ምንም እንዳይነካ ደጋግመው አዩ። አራት ቀን ፈጀ።

ዓርብ ዕለት ወንድሜን በታክሲ አመጣሁት። የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ ነበር። ከታክሲው ወርዶ አስፋልቱን እስኪሻገር ሽማግሌው በራቸው ላይ ቆመው ተመለከቱት። ከዚያ እኔን ተመለከቱኝ። እጃቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅ ከእጃቸው ሳይወርድ ቆየ።

ወንድሜን ያን ጊዜ አየሁት። በየቀኑ አብሮ የሚበላ ሰው ሲጎብጥ አይታይም፤ የሚታየው ለእንግዳ ነው። ክረምቱ ጀርባውን ደጋን አድርጎት፣ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎት፣ አስፋልቱን የሚሻገረው የጣለውን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ነበር። ስለ አከርካሪ ያን ያህል ሳነብ እሱን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ልደግፈው ስል በክርኑ መለሰኝ። ሞተሯ ላይ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲቀመጥ መሪው ፊቱ አጠገብ ሆነ፤ እጆቹ ምሕረት እንደሚለምን ሰው ወደ ላይ ተነሡ። ዓይኖቹ ግን ወደ ታች ነበሩ፤ የሚያዩት የነዳጁን ክዳን ነው። መንገዱን ለማየት ግንባሩን ሸበሸበ፣ ዓይኖቹን ወደ ቅንድቡ ገፋ። አንገቱ አልተከተላቸውም። ደጅ አንድ ከባድ መኪና አለፈ፤ እሱ ያየው ጎማውን ብቻ ይመስለኛል።

ሽማግሌው ሥራ ሲጨርሱ ደንበኛውን ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አላቸው። ልማድ ሆኖባቸው፣ ሳያስቡት ጠየቁት፦

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ ወንድሜ። እጆቹን ከመሪው አላነሣም። «የእሱ ልክ ነው።»

ሽማግሌው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። እስከ ነገ ብንተዋት ሦስት ጣት ዝቅ አድርገው እንደሚያስተካክሏት፣ ለዚህም ምንም እንደማንከፍል ተናገሩ። ወንድሜ በትሕትና አመሰገናቸው።

«መሪው ዝቅ ይላል፣ ጋሼ» አለ። «መንገዱን ከፍ የሚያደርግልኝ ግን የለም።»

ወረደ። መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ከበደው፤ በዚህ ጊዜ ክንዱን ስይዘው ተወኝ። ሄልሜቱን ሰጠኝ።

«አልሸጥኳትም» አለኝ። እኔም አለመሸጡን አረጋገጥኩለት።

እሱ የላፍቶ ታክሲ ያዘ፤ እኔ በሞተሯ ከኋላው ተከተልኩ። ሄልሜቱ ልኬ ነበር። ከኋላ መስኮቱ ሥር በመጨረሻው ወንበር ጥግ ተቀምጦ ስለነበር ጀርባውንና የጃኬቱን አንገትጌ መንገዱን ሁሉ አየሁ። ታክሲው በቆመ ቁጥር እኔም እቆማለሁ። በእኛ መካከል የነበረው አንድ መስታወት ነው፤ አንገቱ አይዞርምና አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አላየኝም። ሞተሯ ግን ስትነሣ ድምፅዋን ከሩቅ እንደሚለይ አውቃለሁ።

ላፍቶ ሲደርስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ከጀርባው በኩል ክንዱን ያዘለት።

«ቀስ ይበሉ፣ ፋዘር» አለው።

ወንድሜ መሬት ሲረግጥ ረዳቱ ፊቱን አየ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ልጁ ክንዱን ለቀቀና በሩን ዘጋው፤ መዳረሻውን መጣራትም ለአፍታ ረሳ።

ሞተሯን አጥፍቼ አጠገቡ ቆምኩ። የሚያየው እግሬን ነበር።

«ሰማኸው?» አለኝ። ሳቀ፤ ሳቁ ወገቡን ሲነካው ተወው። ከዚያ እጁን በአዲሱ መሪ ላይ አሳረፈ።

«ወገብህን አመመህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላመመኝም» አልኩት።

«ምቹ ናት?»

ልዋሸው ፈለግሁ። ከጎፋ እስከ ላፍቶ ጀርባዬ ቀጥ ብሎ፣ ትከሻዬ አርፎ፣ እጄ ሳይደክም ነበር የመጣሁት።

«ምቹ ናት» አልኩት።