እርስዎ ይቅደሙ

አዳኝ ያደረገኝ ጎመን ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለው ቤታችን ጓሮ የተከልኩት የሐበሻ ጎመን ልክ ለመቀንጠስ ሲደርስ፣ አንድ ማለዳ ተነስቼ ሳይ አገዳው ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ግጠው የጨረሱት አጋዘኖች ለመሄድ እንኳን አልቸኮሉም፤ አጥሩ ሥር ቆመው እያመነዠኩ ያዩኛል። መስኮቱን ከፍቼ ጮህኩባቸው። አንዷ ጆሮዋን ነቅነቅ አደረገች። ባለቤቴ ሻዩን እንደያዘ ከኋላዬ መጥቶ "ምን ታደርጊያቸዋለሽ? አገሩ የነሱም ነው" አለና ሳቀ። እኔ ደግሞ ተናድጄ የምረሳ ሰው አይደለሁም። በዚያው ሳምንት የአዳኞች ኮርስ ተመዘገብኩ።

ሁሉም የቀለድኩ መስሎት ነበር። ክሪስታል ሲቲ ውስጥ አንድ የአፓርታማ ሕንፃ የማስተዳድር፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ፓርኪንግና ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ስጨቃጨቅ የምውል ሴት፣ ጠመንጃ ይዤ ጫካ ልገባ! ቤተ ክርስቲያን ያገኙኝ ሴቶች "የሰማነው እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኳቸው። ኮርሱን አለፍኩ፣ ፈቃዱን አወጣሁ፣ ጠመንጃም ገዛሁ። ጠመንጃው ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ በኩል እየተጠቀጠቀ የሚገባበት የድሮ ዓይነት ነው፤ ጥቅምት ላይ የሚፈቀደው እሱ ነዋ። አንዴ ከሳትኩ እንደገና እስካጎርሰው አጋዘኗ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ፔንሲልቬንያ ትገባለች። ቢሆንም አዳኝ ከሩቅ እንዲታይ የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያዬን ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ራሴን ወደድኩት።

የማድነው ከቤታችን ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስበት የሕዝብ ደን ውስጥ ነው። የሕዝብ ነው ማለት የሁሉም ነው ማለት ነውና ሥርዓት አለው። ኮርሱን የሰጠን ሰውዬ ደጋግሞ የነገረን ይህንኑ ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው ቦታውን ይመርጣል፤ ከኋላው ለመጣው ደግሞ "እኔ በዚህ በኩል ነኝ" ብሎ ይነግረዋል። ሁለተኛው ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። የመጀመሪያው ከተቀመጠበት ድርሽ አይልም፣ በፊቱ አያልፍም፣ ሰላም ለማለት እንኳን አይጠጋውም። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሰው ይከብዳል። የሰው ልጅ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ! እሱን ግን እንደምንም ቻልኩት። ያቃተኝ ሌላው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ደኑን ስዞር፣ ኦክ ዛፎች የከበቧት አንዲት ጉብታ አገኘሁ። አጋዘን የሚወደው የኦክ ፍሬ መሬቱን ሞልቶታል፤ ከሥሯ አጋዘኖች እየተመላለሱ ያቀኑት ቀጭን መንገድ አለ። የኔ ናት አልኩ። በመክፈቻው ቅዳሜ ሳይነጋ ደረስኩ፤ ማንም የለም። ጠመንጃዬን ሳወጣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ጢማቸው የነጣ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ወረዱ።

"በየት በኩል ነሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ወደ ጉብታዋ ነኝ።"

"እሺ" ብለው ሊሄዱ ዞር አሉ። እዚህ ላይ ዝም ብል ነገሩ አልቆ ነበር። ግን ሽማግሌ ናቸው። አባቴ ይሆናሉ። እኔ ጥሩውን ቦታ ይዤ እሳቸው በዚያ ጨለማ ሲንከራተቱ ታየኝና አፌ ቀደመኝ። "ከፈለጉ እርስዎ ይሂዱባት፤ እኔ ሌላ ቦታ አላጣም" አልኳቸው።

ይህ ቃል እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ "ይለፉ"፣ "ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይለፉ"፣ "እንዴት ተደርጎ!" እየተባባሉ ከኋላቸው ሰልፍ ያሠራሉ። እሳቸውም "ኧረ በፍጹም" ይላሉ፣ እኔ "ግድ የለም" እላለሁ፣ እሳቸው "አይደረግም" ይላሉ፤ ከዚያ እኔም አክብሬ፣ እሳቸውም ተከብረው፣ ወደ ጉብታዬ እሄዳለሁ። ሽማግሌው ግን ለአፍታ አሰብ አደረጉና "እርግጠኛ ነሽ? አመሰግናለሁ" አሉ። ቦርሳቸውን አነገቡ። ሄዱ።

ረፋዱን ቁጥቋጦ ውስጥ ተወሽቄ ምንም ሳላይ ከጉብታዋ በኩል ተኩስ ሰማሁ። "አንተ ሽማግሌ!" አልኩ በልቤ፤ አንቱታው ጠፋብኝ።

በሁለተኛው ዓመትም እንደዚያው። ሃይዌዩን ሙሉ "አይ፣ ዛሬ እኔ ነኝ" እያልኩ ጮክ ብዬ ስለማመድ እመጣለሁ፤ ያንን ነጭ ጢም ሳይ "ይሂዱ" እላለሁ። እሳቸው ያመሰግናሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜማ እኔ አፌን ሳልከፍት ወደ ጉብታዋ እያዩ ፈገግ አሉልኝ። ዓመቱን ሙሉ ተቃጠልኩ።

ያሳደጉኝ አክስቴ ከእኛ ብዙም በማትርቀው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው የሚኖሩት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ ብሶቴን ነገርኳቸው።

"በተገናኛችሁ ቁጥር ስንት ጊዜ ነው ይሂዱ ያልሻቸው?" አሉኝ።

"አንዴ፣ እትዬ።"

"በአንዴ ሄዱ?"

"በአንዴ!"

"አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው" ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። እሳቸውን ይዤ ጫካ ብገባ ደስ ባለኝ።

ባለቤቴ ግን አላዘነልኝም። "ፕሮብሌሙ ሰውዬው አይደሉም፣ አንቺ ነሽ። ሥራ ቦታ ሰው ያለቦታው ፓርክ ሲያደርግ ዓይንሽን ሳታሺ መኪናውን አስጎትተሽ ቶው ታስደርጊ የለ?" አለኝ። እውነቱን ነው። እሱም የራሱ ብሶት ነበረው። ቅዳሜ ልጆቹን ኳስ ልምምድ መውሰድ የኔ ድርሻ ስለሆነ፣ ለአደን የምሄድበትን እያንዳንዱን ቅዳሜ እሱን ለምኜ ነበር የማገኘው። ሦስተኛው ዓመት ሲመጣ "ስሚ፣ ዲል እናድርግ" አለኝ። "ዘንድሮም ባዶሽን ከመጣሽ ጠመንጃው ይሸጣል፤ የቅዳሜውም ነገር ያበቃል።" ተናድጄ ስለነበር "እሺ!" አልኩት።

እሺ ካልኩ በኋላ ነው ምን እንዳስያዝኩ የገባኝ። ጎመኑን ከረሳሁት ቆይቷል። በሳምንት ውስጥ ማንም የማይፈልገኝ እዚያ ጫካ ውስጥ ብቻ ነው። ተከራይ አይደውልልኝም፣ ልጅ አይጠራኝም። ዛፍ ተደግፌ ቁጭ ስል መጀመሪያ ወፎቹ ይነሳሉ፣ ቀጥሎ ስኩዊረሎቹ፣ እነዚያ ጭራ ረጃጅም ሽኮኮዎች፣ ቅጠሉን ማተራመስ ይጀምራሉ፣ ከዚያ ብርሃኑ በዛፎቹ መሃል ቀስ እያለ ይገባል። እዚያ ስሆን ትከሻዬ ይወርዳል፣ ትንፋሼ ይረጋል። ይህ ሊቀርብኝ ነው። ፈራሁ፤ እውነት ፈራሁ።

ለዚያ ጠመንጃ የሚፈቀደው የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ዘንድሮም ምንም አልቀናኝም ነበር። በጨለማ ደረስኩ፤ ማቆሚያው ባዶ ነው። ጠመንጃዬን አጉርሼ ሳልጨርስ የፒክአፑ መብራት ዛፎቹ ላይ አረፈ። ሽማግሌው ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና "እንደምን አደርሽ። በየት በኩል ነሽ?" አሉ።

"ይሂዱ" የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ጥርሴን ነከስኩባት። ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ "ዛሬ ጉብታዋ ላይ እኔ ነኝ!" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። የደኑ አጋዘን ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።

"እሺ። እኔ ወደ ወንዙ ነኝ። ይቅናሽ" አሉ።

ይኸው ነው። ፊታቸው አልጠቆረም፣ ሰማይም አልተደፋ። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀድሜ ስለደረስኩ ነው፣ ዘንድሮ ደግሞ ባለቤቴ…" እያልኩ ስቀባጥር ሽማግሌው የወንዙ መንገድ ላይ ደርሰዋል። ምክንያቴን የሰማው ፒክአፑ ብቻ ነው።

ጉብታዋ ላይ ወጥቼ ትልቁን ኦክ ተደገፍኩ። ነጋ። ስኩዊረሎቹ ደጋግመው አሞኙኝ። ፀሐይ ከዛፎቹ ጫፍ ወርዳ ጉልበቴን ማሞቅ ስትጀምር አንዲት ደልደል ያለች አጋዘን በዚያች ቀጭን መንገድ መጣች። ጎንበስ ትላለች፣ ፍሬ ትለቅማለች፣ ቀና ትላለች። ጎኗን እስክትሰጠኝ ጠበቅኩ። ተኮስኩ። የባሩዱ ጭስ ዓይኔን ጋረደኝና ለአፍታ ምንም አላየሁም። ሲገለጥ፣ አጋዘኗ እዚያው መንገዷ ላይ ወድቃለች።

ደርሼ ሳይ ገና ነፍሷ አልወጣም። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። በእኛ ደንብ ሴት አታርድም። ባል ከሌለ ጎረቤት፣ ጎረቤት ከሌለ መንገደኛ ይለመናል፤ ዶሮና ቢላዋ ይዛ በር ላይ ወንድ እስኪያልፍ የምትጠብቅ ሴት ያላየ የለም። ያልታረደ ሥጋ ደግሞ አክስቴ በጣታቸውም አይነኩም። ያለው ወንድ ወንዙ ጋ ነው፤ ሃይማኖታቸውን አላውቅም፤ ባውቅስ፣ ሰው እያደነ ባለበት ቦታ ልገባ? እንስሳዋስ እኔ ወንድ ፍለጋ ስዞር ለምን ትሰቃይ? ቢላዋዬን መዘዝኩ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አልኩና ባረክኳት።

ከዚያ ደስታዬ መጣ። እልል ማለት አማረኝ። መፎከር አማረኝ። ግን ሽማግሌው ገና እያደኑ ነው፤ በጩኸቴ ቀናቸውን ላበላሽባቸው አልፈለግኩም። ስለዚህ ድምፅ ሳላሰማ፣ ብርቱካናማ ሰደርያዬን እንደለበስኩ፣ ጉብታዋ ላይ ብቻዬን ዘለልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አጋዘኗን እየጎተትኩ፣ እያረፍኩ ከጉብታዋ ግርጌ ስደርስ ረፍዷል። ሽማግሌው ከሩቅ ቆመው እጃቸውን አነሱ። እኔም እስካነሳላቸው ጠበቁና ቀረብ አሉ። "አደንሽ ካለቀ ላግዝሽ?" አሉኝ። አንድ እግር እሳቸው፣ አንድ እግር እኔ ይዘን መጎተት ጀመርን። ማለክለካቸውን ሳይ ማስረዳቱ ግዴታዬ መሰለኝ።

"እስከ ዛሬ ይሂዱ ስልዎት እኮ እምቢ እንዲሉኝ ነበር" አልኳቸው።

ቆሙ። "ታዲያ ለምን ትሰጪኛለሽ?"

"ለክብርዎ። እርስዎ እምቢ ይላሉ፣ እኔ እለምናለሁ፣ አሁንም እምቢ ይላሉ።"

"ስንት ጊዜ ነው እምቢ የምለው?"

"ቢያንስ ሦስቴ።"

የአጋዘኗን እግር ለቀው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። "እኔ ደግሞ የሰጡኝን አለመቀበል ነውር ነው ብዬ!" አሉ። "ይሄን ጉልበት ታዪዋለሽ? ያቺን ጉብታ በወጣሁ ቁጥር ሳምንት ሙሉ አነክሳለሁ። ወንዙ ጋ ሜዳ ነው። ሁልጊዜ ስመጣ አንቺ ቀድመሽ ደርሰሽ ጉብታዋን ባልሰጠሽኝ እያልኩ ነበር የምጸልየው!"

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ሌሊት የረገምኳቸው ሰው ለእኔ ክብር ሲሉ እያነከሱ ነበር! ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ የጫካው ዝምታ በዚያን ቀን በእኛ ተበላሸ። አጋዘኗን እስከ መኪናዬ ጎትተው ጫኑልኝ። ሥጋ ላካፍላቸው ስል "እምቢ" አሉ፣ ትንሽ አሰቡና ደግሞ "እምቢ" አሉ። ሦስተኛው ላይ አንዱን ታፋ ወሰዱ።

አክስቴ ጽጌን ስለሚጾሙ ሥጋው እስከ ቁስቋም ፍሪዘር ገባ። ከቁስቋም ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ አሌክሳንድሪያ ወሰድኩት። የአክስቴ የማኅበር ጓደኞችም ነበሩ። ጥብሱ ቀረበ። ማንም እጁን ሳይሰድ አክስቴ "ማን ገደላት?" አሉ።

እንደ ወጉ ቢሆን "ኧረ ዕድል ነው፣ እሷው መጥታብኝ ነው" ማለት ነበረብኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ማን ባረካት?"

"እኔው፣ እትዬ። በስመ አብ ብዬ።"

ሴትዮዎቹ ሳህናቸውን ማየት ጀመሩ። አክስቴ ሥጋውን ትኩር ብለው አዩት፣ አማተቡ፣ ቆርሰው ጎረሱ። አላምጠው ሲጨርሱ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱና "ገዳይ!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። የቀሩትም ተከተሏቸው። እኔ ጫካ ውስጥ የዋጥኩት እልልታ ሁሉ ወጣልኝ። አለቀስኩ።

ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉሮሮውን ጠረገ። "ጠመንጃው አይሸጥም" አለ። "ደግሞም ከእንግዲህ በአደን ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ኳስ የምወስደው እኔ ነኝ። ልመናው ይቅር።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ኧረ በፍጹም፣ አንተም እኮ ሳምንቱን ሙሉ ደክመህ ነው የምትገባው" እንድል እየጠበቁ ነው። እሱም እየጠበቀ ነበር፤ ዓይኑ ያስታውቃል።

"እሺ" አልኩት።